ኢብን ጁበይር በፓሌርሞ፦ በደግ ንጉሥ ጥላ ሥር የኖሩ ሙስሊሞችን ያየ መንገደኛ

ከአውሮፓ የሚላኩልን የጉብኝት ፎቶዎች ይመሳሰላሉ። የግራናዳው አልሐምራ፣ የኮርዶባው መስጂድ ቀይና ነጭ ቅስቶች፣ የሴቪያው ረጅም ማማ፤ ከሥራቸው ደግሞ «ይህ ሁሉ የኛ ነበር» የሚል ጽሑፍ። ቁጭቱ ይገባኛል። በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ ስለ አንደሉስ ሲጠይቁኝ ጥያቄያቸው ሁሌም ስለ ሕንፃ ነበር፤ ማን ሠራው፣ ስንት ዓምድ አለው፣ ማን ወሰደው። በዚያ ሕንፃ ጥላ ሥር ይኖር የነበረው ተራ ሙስሊም ጁሙዓውን የት ይሰግድ እንደነበር፣ ልጁን ማን ያቀራለት እንደነበር፣ ሲጣላ ማን ይዳኘው እንደነበር የጠየቀኝ ግን ትዝ አይለኝም።

ይህን ጥያቄ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት በአንዲት የአውሮፓ ከተማ ጎዳናዎች እየዞረ የጠየቀ ሙስሊም መንገደኛ አለ። ስሙ ኢብን ጁበይር ነው። ከተማዋ ደግሞ ዛሬ በጣሊያን ሥር ያለችው የሲሲሊ ደሴት ዋና ከተማ ፓሌርሞ ናት። እሱ ሲደርስ ደሴቲቱን የሚገዛው ክርስቲያን ንጉሥ ነበር፤ ሙስሊሙ ነዋሪ እንጂ ባለ ሥልጣን አልነበረም። ለዚህም ይመስለኛል ታሪኩ ከአልሐምራ ይልቅ ለአምቦ፣ ለጉደር፣ ለጊንጪና ለጌዶ ሙስሊም የሚቀርበው። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሙስሊሙ በቁጥር ትንሽ ነው። ከአካባቢው ተወላጅ ኦሮሞ ሙስሊሞች ጋር ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከጅማና ከወሎ የመጡ ቤተሰቦች አብረው ይኖራሉ። የሱቅ ጎረቤታቸው፣ የልጆቻቸው የክፍል ጓደኛ፣ የሚያክማቸው ሐኪም በአመዛኙ የሌላ እምነት ተከታይ ነው። እዚያ ያደገ ሰው የፓሌርሞን ታሪክ ሲያነብ አብዛኛውን ነገር ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

ሰውየው ማን ነበር?

ሙሐመድ ኢብን ጁበይር (ረሒመሁላህ) በ1145 በቫሌንሲያ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ከኢትዮጵያ ጋር በተያያዘ ለይቼ ካልገለጽኩ በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በግራናዳ ገዢ ዘንድ ጸሐፊ ነበር። ሐጅ የወጣበትን ምክንያት አል-መቀሪ የተባለው የኋላ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ሲተርክ፣ ገዢው አንድ ቀን አስገድዶ ሰባት ጽዋ መጠጥ እንዳጠጣውና በኋላ ተጸጽቶ ያንኑ ጽዋ ሰባት ጊዜ በዲናር ሞልቶ እንደሰጠው ይናገራል። ኢብን ጁበይርም ገንዘቡን ለኃጢአቱ ማበሻ ይሆነው ዘንድ ለሐጅ ስንቅ አደረገው ይባላል።

በፌብሩዋሪ 1183 ከግራናዳ ወጣ። ከሴውታ በጄኖዋ ነጋዴዎች መርከብ ወደ እስክንድርያ፣ ከዚያም በላይኛው ግብፅ አድርጎ ዓይዛብ ከተባለው የቀይ ባሕር ወደብ ወደ ጂዳ ተሻገረ። መካ ስምንት ወር ያህል ቆየ። መዲናን፣ ባግዳድን፣ ሞሱልን፣ ሐለብንና ደማስቆን አየ። ዘመኑ የመስቀል ጦርነት ዘመን ነው፤ ሰላሑዲን አዩቢ ቁድስን ነፃ ሊያወጣ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ሆኖም ነጋዴና ሑጃጅ ከሁለቱም ወገን ይመላለስ ነበርና ኢብን ጁበይር በመስቀለኞች እጅ ከነበረችው ዓካ ወደብ በክርስቲያኖች መርከብ ተሳፍሮ ወደ አገሩ አቀና። መርከቡ ውስጥ የኛ ሐጃጆችም ከቁድስ የሚመለሱ የክርስቲያን ተሳላሚዎችም ነበሩ።

ባሕሩ ግን እንደታሰበው አልሆነም። በዲሴምበር 1184፣ በረመዳን መጀመሪያ ሌሊት ላይ፣ መርከቡ በመሲና ወሽመጥ ከባሕሩ ዳርቻ ጋር ተላትሞ ተሰበረ። ሲነጋ ትናንሽ ጀልባዎች መጡ፤ ባለ ጀልባዎቹ ግን ሰው ለማሻገር ከፍተኛ ዋጋ ጠየቁ። መክፈል የማይችሉ ድሃ ሙስሊሞች በተሰበረው መርከብ ላይ ቀሩ። የሲሲሊ ንጉሥ ዳግማዊ ዊልያም በዚያን ሰሞን መርከቦቹን ሊያዘጋጅ መሲና ነበርና አደጋውን ለማየት ወጣ። ድሆቹ የቀሩት ገንዘብ ስለሌላቸው መሆኑን ሲሰማ አንድ መቶ ሩባዒ የተባለ የወርቅ ሳንቲም ከፍሎ አስወጣቸው። ኢብን ጁበይር እንደሚለው ንጉሡ በቦታው ባይኖር ኖሮ የተሳፋሪው ንብረት ይዘረፍ፣ ሙስሊሞቹም ለባርነት ይያዙ ነበር፤ በዚያ ባሕር የተለመደው ይህ ነበርና።

ይህን ያነበበ ሰው በኦክቶበር 3 ቀን 2013 ላምፔዱዛ ከተባለችው የሲሲሊ ደሴት አጠገብ የሰመጠችውን ጀልባ ማስታወሱ አይቀርም። ከ360 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ከኛም አገር በሱዳንና በሊቢያ በረሃ አድርገው በዚያው ባሕር የሚያልፉ፣ አልፈው የማይደርሱም ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ሲሲሊ ለአፍሪካ ቀንድ ሰው የታሪክ መጽሐፍ ደሴት ብቻ አይደለችም።

ሁለተኛው የሚታወሰን ደግሞ ነጃሺ (ረ.ዐ) ነው። ሐበሻ ሙስሊም ስለ አንድ ባሕር ማዶ ንጉሥ ደግነት ሲሰማ ልቡ ወዲያው ወደዚያ ይሄዳል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ነጃሺ የተሰደዱትን ሰሓቦች ከማስጠለል አልፎ እስልምናን እንደተቀበለ እናምናለን፤ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሲሞት በሩቁ ሰግደውበታል። ዊልያም በሃይማኖቱ የጸና ክርስቲያን ነበር። ሙስሊሞችን ያቀረበው ስለሚጠቅሙት ነው፤ ደግነትም ስለነበረበት።

በቤተ መንግሥቱ ውስጥ

ኢብን ጁበይር የገረመው የንጉሡ ቤት በሙስሊም የተሞላ መሆኑ ነው። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሙስሊም ነው። ከሙስሊሞች መካከል የተሾመ አለቃ ያለው የጥቁር ሙስሊሞች የጥበቃ ጭፍራ አለው። ሐኪምና የኮከብ ቆጠራ አዋቂ በአገሩ ሲያልፍ ከሰማ አስቀርቶ ደመወዝ ይቆርጥለታል። ንጉሡ ዐረብኛ ያነብባል፣ ይጽፋል፤ የፊርማው ምልክት እንኳ በዐረብኛ አላህን የሚያመሰግን ቃል ነው። የሚያስተዳድሩለት ባለሟሎች ብዙዎቹ ስልብ አገልጋዮች ሲሆኑ በውጭ ክርስቲያን፣ በውስጥ ሙስሊም ነበሩ።

ከእነዚህ አንዱ ዐብዱል መሲሕ የሚባል ባለሟል መሲና ላይ ኢብን ጁበይርን አስጠርቶ አነጋገረው። መጀመሪያ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች አስወጣ። ከዚያ ስለ መካና ስለ መዲና ጠየቀው፤ ሲነግረውም ልቡ ቀለጠ። እናንተ እምነታችሁን በግልጽ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ እኛ ግን እየፈራን እንደብቀዋለን የሚል ስሜት ያለው ንግግር ተናገረ። ከተቀደሱት ቦታዎች ያመጣው ማስታወሻ ካለ እንዲሰጠውም ለመነው። አንድ የቤተ መንግሥት ሹም፣ ሀብትና ሥልጣን በእጁ ያለ ሰው፣ ከመርከብ አደጋ ገና ከወጣ ሐጃጅ ከመካ የመጣ ነገር ይለምናል። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ታሪኮች ሁሉ እኔን የበለጠ የነካኝ ይህ ነው።

ሌላም ታሪክ ሰምቷል። በ1169 ሲሲሊን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ንጉሡ በድንጋጤ በቤተ መንግሥቱ ሲዘዋወር ከየክፍሉ የሚሰማው የሴቶቹና የአገልጋዮቹ አላህንና መልእክተኛውን የመጥራት ድምፅ ነበር። ሲያዩት ደነገጡ። እሱ ግን ሁሉም የሚያምነውን አምላክ ይጥራ ብሎ አረጋጋቸው ይባላል። ታሪኩ ውብ ነው። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች በሰላሙ ቀን ያንን ቃል ጮክ ብለው መናገር የማይችሉ እንደነበሩ አብረን ማየት ይኖርብናል።

ወደ ፓሌርሞ

ከመሲና በጀልባ ቼፋሉና ተርሚኒ ወደተባሉት ከተሞች፣ ከዚያ በእግር ወደ ፓሌርሞ ተጓዙ። በመንገድ ያገኟቸው ክርስቲያኖች ቀድመው ሰላም ይሏቸው፣ በወዳጅነትም ያነጋግሯቸው ነበር። መንገደኛችን ይህን አድንቆ ጽፏል፤ ወዲያው ግን እንዲህ ያለው ልስላሴ እውቀት የሌላትን ነፍስ ሊፈትን ይችላል ብሎ ሰግቷል። በጥርጣሬ የተሞላ ሰው ነው ብለው የሚነቅፉት አሉ። እኔ ግን ሁለቱንም ሳይደብቅ መጻፉን እወድለታለሁ፤ ያየውን መልካም አልካደም፣ የተሰማውንም ስጋት አልዋጠም።

ሲሲሊ እሳተ ገሞራ ያለባት፣ ፍል ውኃ የሚፈልቅባት ምድር ናት። ተርሚኒም ስሟን ያገኘችው ከጥንት የፍል ውኃ መታጠቢያዎቿ ነው። ኢብን ጁበይር ከፓሌርሞ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ደግሞ ዐረቦች የፍል ውኃ አምባ ብለው በሚጠሯት ቦታ አልፏል። ውኃው ገላ እስከማይችለው ድረስ የሚያቃጥል መሆኑን፣ ለብ ያለ ምንጭ ሲያገኙ ግን ወርደው ታጥበው ከድካማቸው እንዳረፉ ጽፏል። የአምቦ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እዚያም እዚህም ከምድር የሚፈልቀውን የአላህን ጸጋ ሰው ሃይማኖት ሳይለይ አብሮ ይታጠብበታል፤ አምቦ ላይ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ አስገብቶ በመላው አገር ይጠጣዋል።

ፓሌርሞን ሙስሊሞቹ በቀላሉ «መዲና»፣ ከተማዋ፣ ይሏት ነበር። ለኢብን ጁበይር ኮርዶባን አስታወሰችው፤ በአዲሱ ከተማ መካከል የቆመ አሮጌ ግንብ፣ የድንጋይ ሕንፃ፣ የአትክልት ስፍራ፣ ምንጭ። የገና ዕለት አንድ የታወቀ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ አየ። ዛሬ ማርቶራና የሚባለው፣ በ1143 የተሠራው ሕንፃ ነው። በወርቅ ያጌጠው ግድግዳው አፍዝዞታል፤ አንድ ቀን አዛን እንዲሰማበት አላህን ተመኝቷል። የክርስቲያን ሴቶች ለበዓሉ ሲወጡ እንደ ሙስሊም ሴቶች ተከናንበው፣ ሒና ተቀብተው፣ ሽቶ አርከፍክፈው፣ ዐረብኛም እያወሩ መሆኑን ሲያይ ደግሞ ተገርሟል። ድል አድራጊው የተሸናፊውን ልብስና ቋንቋ ለብሶ ነበር። (ለጉብኝት ቤተ ክርስቲያን መግባትን በተመለከተ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ የጠሉት አሉ፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ ከሆነ የፈቀዱም አሉ። ለመሄድ ያሰበ ሰው የሚያምነውን ዓሊም አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል።)

ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ የጻፈው ነው። የፓሌርሞ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው የሚኖሩባቸው የራሳቸው ሰፈሮች ነበሯቸው። ገበያው በእጃቸው ነው፤ ነጋዴዎቹ እነሱ ናቸው። መስጂዶቻቸው ከመብዛታቸው የተነሳ የሚቆጠሩ አልነበሩም፤ አብዛኞቹም የቁርኣን መምህራን ልጆች የሚያቀሩባቸው ነበሩ። የሚዳኛቸው የራሳቸው ቃዲ አላቸው። በረመዳን ተሰብስበው የሚሰግዱበት ትልቅ መስጂድ በመብራት ያሸበረቀ ነበር። አዛን በግልጽ ይሰማል።

አንድ ነገር ግን የለም፤ ጁሙዓ። ለምን? ኹጥባ የተከለከለ ስለነበረ። ይህን ለመረዳት ኹጥባ በዚያ ዘመን ምን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ኸጢቡ በሚንበር ላይ ቆሞ በስሙ ዱዓ የሚያደርግለት መሪ የምድሪቱ ሕጋዊ ገዢ ነው ተብሎ ይቆጠር ነበር። አንድ ከተማ ከአንድ ሥርወ መንግሥት ወደ ሌላው ሲያልፍ መጀመሪያ የሚለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በሳንቲሙ ላይ የሚቀረጸው ስምና በኹጥባው ላይ የሚጠራው ስም። ስለዚህ የሲሲሊው ንጉሥ ሶላቱን፣ ጾሙን፣ ቂርኣቱን ፈቅዶ ኹጥባን ከለከለ። በዒድ ቀን ብቻ ይፈቀድላቸው ነበር፤ ያን ዕለት የባግዳዱን ዐባሳዊ ኸሊፋ ስም ጠርተው ዱዓ ያደርጋሉ። ከዒድ እስከ ዒድ ግን ፈርዱ ጁሙዓ ቀርቶ ዙህር ይሰግዳሉ። እንግዳ ሆኖ በረመዳን መብራቱን ያየ ሰው ሁሉ ነገር የተሟላ ሊመስለው ይችላል። ኢብን ጁበይር የጎደለውን ለማየት ጁሙዓ እስኪደርስ መጠበቅ ነበረበት።

ትራፓኒ፦ በዒድ ማግስት የተሰማው

ወደ አንደሉስ የሚሄድ መርከብ ፍለጋ በአልካሞ አድርጎ በደሴቲቱ ምዕራብ ጫፍ ወዳለችው ትራፓኒ ሄደ። ዒደል ፊጥር እዚያው አገኘው። የከተማዋ ሙስሊሞች ከበሮና ቀንደ መለከት እያሰሙ ወደ መስገጃው ሜዳ ወጡ፤ ክርስቲያኖቹም አይተው እንዳላዩ አለፏቸው። ተገረመ። በአምቦም ሆነ በጊንጪ በዒድ ጠዋት በተክቢራ ወደ ሜዳ የወጣ ሰው ግርምቱን ያውቀዋል፤ በቁጥር ትንሽ የሆነ ሕዝብ በዓመት ሁለት ጊዜ ራሱን ሙሉ ሆኖ የሚያይበት ሰዓት ነው።

በትራፓኒ ግን ንፋስ አስቀርቶት ሰነበተ፤ ሰውም ቀስ በቀስ የልቡን ይነግረው ጀመር። የደሴቲቱ ሙስሊሞች ታላቅ የሆነው አቡል ቃሲም ኢብን ሐሙድ የተከበረ፣ ምርኮኛ የሚያስፈታ፣ ሐጃጅ የሚረዳ ባለጸጋ ነበር። ከሞሮኮዎቹ ሙወሒዶች ጋር ተጻጽፈሃል ተብሎ ተከሰሰና ከ30,000 ዲናር በላይ ተወሰደበት። ይህ ሰው ለኢብን ጁበይር እሱና ቤተሰቡ ለባርነት ቢሸጡ እንኳ እንደሚመርጥ ነገረው፤ ምናልባት ሽያጩ ወደ ሙስሊም አገር ያደርሳቸው እንደሆነ። ኢብን ዙርዓ የተባለ ፈቂህ ደግሞ በንጉሡ ሹሞች ግፊት ሃይማኖቱን ለቀቀ፤ ኢንጂል አጥንቶ በሁለቱም ሕግ ይዳኝ ጀመር፤ ከቤቱ ፊት ለፊት የነበረውን የራሱን መስጂድም ቤተ ክርስቲያን አደረገው። ውስጡን ግን እምነቱን እንደደበቀ ሰዎች ይናገሩ ነበር።

ከዚህም የከበደው በየቤቱ ያለው ነው። አባት ልጁን ከተቆጣ፣ ባል ሚስቱን ካስከፋ፣ የተቆጣው ሰው ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን ሊገባ ይችላል። አንዴ ከተጠመቀ አባት ልጁን፣ እናት ልጇን የሚመልሱበት መንገድ የለም። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን እየፈሩ ያሳድጉ ነበር። ከትራፓኒ ታላላቆች አንዱ ልጁን ወደ አንድ ሐጃጅ ልኮ፣ ለአካለ መጠን የተቃረበች ሴት ልጁን እንዲወስድለት ለመነው። ቢፈልግ ራሱ ያግባት፣ አለዚያ ከአገሩ ሰው ለአንዱ ይዳራት፤ ብቻ ወደ ሙስሊም አገር ትውጣ። ሐጃጁ ተቀበለ። ኢብን ጁበይር አባትየው እንዴት አንጀቱ ችሎ ዳግም ላያያት እንደሰጣት፣ ልጅቱም እንዴት ቆርጣ እንደተነሳች እያሰበ ይጽፋል።

በኛ አገር ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1878 በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም መሪዎችና ሕዝብ እንዲጠመቁ ሲገደዱ የሆነው ይህንኑ ይመስላል። አንዳንዱ ተጠመቀ፣ አንዳንዱ ተጠምቆ ቤቱ ውስጥ ሰገደ፣ አንዳንዱ ተሰደደ፤ እንደ ሸይኽ ጦልሃ ጃዕፈር ያለው ደግሞ ተነስቶ ታገለ። ኢብን ዙርዓን በጅምላ ከመርገም በፊት ያን ዘመን ያለፉ አያቶችን ማስታወስ ይገባል።

ንጉሡ ሲሞት

ኢብን ጁበይር በማርች 1185 ከትራፓኒ ተነሳ፤ በኤፕሪል መጨረሻ ግራናዳ ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 1189፣ ዊልያም ልጅ ሳይተካ ሞተ። ያኔ የሆነውን ለማመን ያስቸግራል። ወራት እንኳ ሳይቆይ በፓሌርሞ ሙስሊሞች ይገደሉ ጀመር፤ የተረፉት ገበያቸውንና ሰፈራቸውን ጥለው ወደ ምዕራብ ሲሲሊ ተራሮች ሸሹ። እዚያ ለአሥርት ዓመታት ታገሉ። በመጨረሻ ዳግማዊ ፍሬድሪክ፣ የዐረቡን ሥልጣኔ ወዳጅ ተብሎ የሚወደሰው ያው ንጉሥ፣ ከ1220ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡን እየነቀለ በደቡብ ጣሊያን ሉቼራ ወደተባለች ከተማ አጋዘው። ሉቼራ ውስጥ መስጂድ ነበራቸው፣ ገበያ ነበራቸው፣ ንጉሡ በጦሩ ውስጥ ያሰልፋቸው ነበር። እንደገና የአንድ ቤት ሞገስ። በ1300 የአንዡው ዳግማዊ ቻርልስ ከተማዋን አፍርሶ አብዛኛውን ሕዝብ ለባርነት ሸጠው።

ብዙ ጊዜ የሲሲሊ ሙስሊሞች ታሪክ በሁለት መንገድ ይነገራል። አንደኛው ወገን ሃይማኖቶች በፍቅር የኖሩባት ደሴት ያደርጋታል፤ የዐረብኛ ፊርማውን፣ ሙስሊሙን ወጥ ቤት፣ የገናውን ሒና ይቆጥራል። ሌላው ገና ከመጀመሪያው ጭቆና ብቻ እንደነበረ ይናገራል። ኢብን ጁበይር ያየው ሁለቱንም ነው፤ እኔም ከመጽሐፉ የምረዳው ሰዎቹ የተደሰቱበት መብት ሁሉ በአንድ ሰው እስትንፋስ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ነው። ቃዲውን የፈቀደው ንጉሡ ነው፣ ኹጥባውን የከለከለውም ንጉሡ። ሰውየው ደግ ነበር። ከሞተ በኋላ ግን ቃዲውም፣ ገበያውም፣ ልጆች የሚቀሩበት መስጂድም ምን ዋስትና አልነበራቸውም።

ነጃሺን የምናወሳ ሕዝብ ይህን ልዩነት ማጤን ይኖርብናል። በኛ አገር ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወጣው የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ፣ ክርስቲያን ወገኖችም የተቀላቀሉት፣ የጠየቀው የንጉሥ ቸርነት አልነበረም፤ በሕግ የታወቀ እኩልነት ነበር። በዓላቱ በሕግ ብሔራዊ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። ፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 188 ተጠናክረው ተቋቋሙ፤ ኦሮሚያም የራሱ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉት። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። አፈጻጸሙ ላይ ያለውን ቅሬታ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በትንሽ ከተማ የመቃብርና የመስጂድ ቦታ ጥያቄ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሆኖም በአንድ ከንቲባ ወይም በአንድ ሀብታም ወዳጅነት የተገኘ ቦታና ካርታ የወጣለት ቦታ አንድ አይደሉም። የፓሌርሞ ነጋዴዎች ይህን የተማሩት በ1189 ነው።

ዛሬ የሚሄድ ሰው

ፓሌርሞ ዛሬ የሚደረስባት ከተማ ናት፤ ጣሊያን ያሉ ወገኖቻችን በባቡርም በመርከብም ይሄዱባታል። የዐረብና የኖርማን ዘመን ሕንፃዎቿ ከቼፋሉና ከሞንሬያሌ ካቴድራሎች ጋር በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ካቴድራሉ ነው። በደቡብ በኩል ባለው መግቢያ ካሉት ዓምዶች አንዱ ላይ የሱረቱል አዕራፍ 54ኛ አንቀጽ በዐረብኛ ተቀርጾ ይነበባል። ብዙ ጎብኚ ሳያየው ያልፋል። በቤተ መንግሥቱ ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ያለው የእንጨት ሙቀርነስ የሙስሊም እጅ ሥራ ነው። ዚዛ የሚባለው ቤተ መንግሥት ስሙ «አል-ዐዚዝ» ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን ግንባታውን የጨረሰው ያው ዊልያም ነው። እዚያ ውስጥ አና የምትባል ክርስቲያን ሴት የ1149 የመቃብር ድንጋይ አለ፤ ልጇ በአራት ጽሕፈት አስጽፎላታል፤ በላቲን፣ በግሪክ፣ በዐረብኛና በዕብራይስጥ ፊደል በተጻፈ ዐረብኛ። ከወርቁ ጌጥ ይልቅ የዚያን ዘመን ከተማ የሚያሳየው ይህ ድንጋይ ነው።

ከድንጋይ ይልቅ የቆየው ደግሞ ስም ነው። ዋናው አሮጌ ጎዳና ካሳሮ ይባላል፤ «አል-ቀስር» ከሚለው። በባሕሩ በኩል ያለው ሰፈር ካልሳ ነው፤ «አል-ኻሊሳ»። የሲሲሊ ሰው ሰሊጥን የሚጠራበት ቃል እስከ ዛሬ ከዐረብኛው «ጁልጁላን» የወጣ ነው። ሕዝቡ ተነቅሎ ሄዶ ስሙ በጠላቶቹ ልጆች አፍ ላይ ቀረ። የአምቦ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ ከተማው በንጉሡ ዘመን በይፋ ሀገረ ሕይወት ተብሎ ሲጠራ ሕዝቡ አምቦ ማለቱን አልተወም፣ የቀረውም አምቦ ነው።

ስለ ሶላት ለሚጠይቁ፦ ማሳጠር የሚፈቀድበት ርቀት በሻፊዒይ መዝሀብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአምቦ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እንኳ ሙሳፊር ነው ማለት ነው፣ ፓሌርሞማ ጥያቄ የለውም። የመድረሻና የመነሻ ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን ለመቆየት የነየተ ግን እዚያ ሲደርስ ሙሉ ይሰግዳል። በሐነፊይ መዝሀብ ገደቡ 15 ቀን ነው። ኢብን ጁበይርም ያን ረመዳን ያሳለፈው በመንገድ ነበር።

ጁሙዓ የሚደርስበት ሰው አሮጌው ከተማ ውስጥ መስጂድ ያገኛል። የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የነበረ፣ ከ1990 ጀምሮ ለሙስሊሞች የተሰጠ ሕንፃ ነው። ኢብን ጁበይር በገና ዕለት ቆሞ አዛንን ከተመኘበት ማርቶራና በእግር ሩቅ አይደለም። ሰጋጆቹ ከቱኒዚያ፣ ከሞሮኮ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከምዕራብ አፍሪካና ከኛ አካባቢ የመጡ ናቸው። ኹጥባው ይደረጋል፤ የሚከለክል የለም። የጣሊያን መንግሥት ከአይሁድ፣ ከቡድሂስትና ከሌሎች እምነቶች ጋር የፈረመው ዓይነት ይፋዊ የስምምነት ሰነድ ግን ከሙስሊሞች ጋር እስካሁን አልተፈረመም።